ሁለቱ ቀኖች፦ ስለ ወላጆች የጉብኝት ቪዛና ስለ ቆይታ ማራዘሚያ የተሰናዳ ምልልስ

ወላጆች በውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱበት ቪዛ ጊዜያዊ ነው። ለአሜሪካ ቢ-2 የሚባለው የጎብኚ ቪዛ ነው፤ ካናዳም፣ እንግሊዝም፣ አውስትራሊያም የየራሳቸው አላቸው። የሄደ ወላጅ ግን እንደ አገር ጎብኚ አሥር ቀን ዞሮ አይመለስም። ልጇን ለማረስ የሄደች እናት ክርስትናውን ሳታይ አትነሣም። ክርስትናው ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ያልፍና አራሷ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሕፃኑን ማን ይያዘው ይባላል። «ቪዛ እናሳድስ» የሚለው ወሬ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው።

የሚከተለው ምልልስ በምሥራቅ ጎጃም፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጉንደ ወይን፣ ነፍሰ ጡር ልጇ ሜሪላንድ በምትኖር አንዲት እናትና ለጎረቤት ሁሉ ፎርም በሚሞላ አንድ መምህር መካከል እንደተደረገ ሆኖ የተሰናዳ ነው። ደንቦቹና ክፍያዎቹ በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት እንደነበሩ ቀርበዋል።

እናት፦ እስቲ ንገረኝ መምህር። ያቺ ልጅ «ድሮ ቪዛው ሁለት ዓመት ያስኬድ ነበር፣ አሁን ሦስት ወር ብቻ ሆነ» አለችኝ። ሦስት ወር ምን ይሠራል? እሷ ከወለደች በኋላ ወገቧ እስኪጠና እንኳ አይበቃ።

መምህር፦ ልጅዎ እውነቷን ነው፤ ግን ሁለት ቀኖች ተደባልቀውባታል። አንደኛው ቪዛው ላይ የታተመው ቀን ነው። እሱ የሚለው «እስከዚህ ቀን ድረስ አሜሪካ በር ላይ ደርሰሽ አስገቡኝ ማለት ትችያለሽ» ነው። ከገቡ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቀመጡ አይናገርም። ያንን የሚወስነው አየር ማረፊያ ላይ የሚቀበልዎ የድንበር መኮንን ነው፤ የሚመዘገበውም አይ-94 በሚባል መዝገብ ላይ ነው። ሁለተኛው ቀን እሱ ነው።

እናት፦ ቪዛው ቢያልቅስ?

መምህር፦ በምሳሌ እንየው። ኅዳር ላይ ቪዛ ተመታልዎ እንበል፤ የካቲት ላይ ያበቃል። እርስዎ ጥር 2 ቀን 2018 ገቡ፤ በፈረንጁ ጃንዋሪ 10 ቀን 2026 መሆኑ ነው። መኮንኑ ለጎብኚ እንደተለመደው ስድስት ወር ከሰጠዎ እስከ ሐምሌ 2 መቀመጥ ይችላሉ። መሀል ላይ፣ የካቲት ውስጥ፣ ቪዛው ጊዜው አለፈ። ምንም አይሆኑም። ከአሜሪካ ወጥቼ ደግሜ ልግባ ካሉ ነው ያ ቪዛ የማያገለግልዎ።

እናት፦ እንዲህ ከሆነ ሦስት ወር ማድረጋቸው ጉዳቱ ምን ላይ ነው?

መምህር፦ መመላለሱ ላይ። እስከ 2017 ዓ.ም. ክረምት ድረስ ለኢትዮጵያዊ ይሰጥ የነበረው የጎብኚ ቪዛ ሁለት ዓመት የሚሠራ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ነበር። አንዲት እናት ስድስት ወር ቆይታ አገሯ ትመለስና ሰብሏን ሰብስባ፣ ፋሲካን ውላ፣ በዚያው ቪዛ እንደገና ትሄድ ነበር። ከሐምሌ 1 ቀን 2017፣ ማለትም ከጁላይ 8 ቀን 2025 ጀምሮ ግን ለአብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ሦስት ወር የሚቆይ ሆነ። በዚያ ሰሞን በናይጄሪያ፣ በጋናና በካሜሩንም ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ተደርጓል። እንግዲህ ደግሞ መሄድ የሚፈልግ ሰው እንደገና ከፍሎ፣ እንደገና ኤምባሲ ቀርቦ ነው። ለዚህም ነው አሁን ሁሉም «ከመመላለስ እዚያው እያሉ ማራዘም» ወደሚለው ያዘነበለው።

እናት፦ ኤምባሲው ምን ይጠይቃል? መጀመሪያ እሱን እንለፈው።

መምህር፦ ዲኤስ-160 የሚባል ፎርም አለ፤ በኮምፒዩተር ይሞላል። ክፍያው ከጁን 2023 ጀምሮ 185 ዶላር ነው፤ ቢከለክሉዎትም አይመለስም። ከዚያ አዲስ አበባ፣ እንጦጦ መንገድ ያለው ኤምባሲ በአካል ቀርበው ቃለ መጠይቅ ነው። ቀድሞ ዕድሜያቸው 80 የሞላ ሽማግሌዎች ቃለ መጠይቅ ይቀርላቸው ነበር፤ ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ እሱም በአብዛኛው ቀርቷል። በዚያው ወር ደግሞ ማንም ሰው በዜግነቱ አገር ወይም በሚኖርበት አገር እንዲያመለክት ተወሰነ። ስለዚህ «ናይሮቢ ይቀላል፣ ዱባይ ይፈጥናል» የሚል ደላላ ቢመጣብዎ አይስሙት።

እናት፦ ቃለ መጠይቁ ነው ያስፈራኝ።

መምህር፦ ሕጉ የሚነሣው ከጥርጣሬ ነው፤ አመልካች ሁሉ «ሄዶ ሊቀር ነው» ተብሎ ይገመታል። አለመሆኑን ማሳየት የእርስዎ ፈንታ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተርዎ፣ ባለቤትዎና ሌሎቹ ልጆችዎ እዚህ መኖራቸው፣ ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ በረቱ ሁሉ ማስረጃ ነው። ደብተሩን አስተርጉመው ቢይዙ አይከፋም፤ ነገር ግን መኮንኑ ወረቀቱን ሳይገልጥ በሁለት ሦስት ደቂቃ ጥያቄ የሚወስንበት ጊዜ ይበዛል። ሰው በፋይሉ ውፍረት ይተማመንና አፉ ላይ ይወድቃል።

እናት፦ እንዴት ነው አፉ ላይ የሚወድቀው?

መምህር፦ «ስንት ጊዜ ትቆያለሽ?» ሲሏት «እግዜር ያውቃል» የምትል እናት አለች። እዚህ አገር ይህ የጨዋ መልስ ነው። እዚያ ግን «ዕቅድ የላትም፣ አትመለስም» ተብሎ ይጻፋል። «ልጄ በታኅሣሥ መጨረሻ ትወልዳለች፤ ክርስትናውን አይቼ፣ አራት አምስት ወር ቆይቼ፣ ሰኔ ላይ እመለሳለሁ፤ ባለቤቴና በሬዎቼ እዚህ ናቸው» ይበሉ። እውነቱም ይኸው ነው። ደግሞ ቪዛው ሦስት ወር ብቻ የሚሠራ ስለሆነ በእርግዝናዋ መጀመሪያ ላይ ማስመታት ትርፍ የለውም፤ መውለጃዋ ሲቃረብ ነው። ቀጠሮ ለማግኘት ግን ወረፋ አለና ፎርሙን ቀደም አድርጎ መሙላት ያስፈልጋል።

እናት፦ ዕድሜዬንስ ምን ልበል? አብዮት ሲፈነዳ እረኛ ነበርኩ፤ ከዚያ ሌላ የማውቀው የለኝም።

መምህር፦ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ብቻ። ገምተውም ቢሆን አንድ ቀን ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ በሁሉም ፎርም ላይ ያ ቀን ነው የሚገባው። እንደዚሁ ስምም አለ። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ይፈልጋል፤ እኛ ዘንድ ልጅዎ በአባቷ ስም ትጠራለች፣ እርስዎ በአባትዎ። ወረቀቱን የሚያየው ሰው እናትና ልጅ መሆናችሁን ከስማችሁ አያውቅም። የልጅቱ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእናት ስም ያለበት፣ ተተርጉሞ ቢያዝ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል። የልደትና የጋብቻ ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው ወረቀቱ አሁን ይወጣል፤ የፊደል አጻጻፉ ከፓስፖርት ጋር አንድ መሆኑን ቆሞ ማየት ነው።

እናት፦ ይሁን። ቪዛውን አገኘሁ፤ ደረስኩ። ከዚያስ?

መምህር፦ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ዋሽንግተን ደለስ ይወርዳሉ። ትኬቱ ሲቆረጥ ልጅዎ ዊልቸር ትዘዝልዎ። እግርዎ ደህና ቢሆንም እንኳ የሚገፋው ሰው መንገዱን ያሳይዎታል፤ አማርኛ ተናጋሪ የሚገጥምበት ጊዜም አለ። መኮንኑ ፎቶ ያነሣዎታል፣ አሻራ ይወስዳል። ዘመኗን ሁሉ ስታርም፣ ስትፈጭ የኖረች ሴት የጣቷ መስመር ስለሚጠፋ መሣሪያው አንዳንዴ አያነብም፤ ደግመው እንዲያስቀምጡ ቢሉዎት አይደንግጡ። ሽሮና በርበሬ ይገባል፤ ቋንጣ ግን አይገባም። ሻንጣ ውስጥ ያለውን ምግብ ሁሉ መናገር ነው፤ የሚያስቀጣው መደበቁ ነው።

እናት፦ አይ-94 ያልከውን ወረቀት የት ነው የሚሰጡኝ?

መምህር፦ ወረቀት የለውም። በአውሮፕላን ለሚገባ ሰው ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዝገቡ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ፓስፖርት ላይ ማህተም የሚመታበትም ጊዜ አለ፣ የማይመታበትም። ስለዚህ በገቡበት ሳምንት ልጅዎ የፓስፖርት ቁጥርዎን አስገብታ መዝገቡን ታውጣ፤ በነጻ ነው። ስምዎ፣ የልደት ቀንዎና «እስከዚህ ቀን ተፈቅዷል» የሚለው ቀን ልክ መሆናቸውን ታረጋግጥ። ስሕተት ካለ የድንበር ጥበቃው ማስተካከያ ቢሮ አለው።

እናት፦ ቀኑን እኔም ላውቀው እፈልጋለሁ። ልጄ በሥራ የተወጠረች ናት።

መምህር፦ ማወቅም አለብዎ። አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው፣ ቀኑን አስከትለው ነው የሚጽፉት። «07/09/2026» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ጁላይ 9 ማለት ነው፤ ሐምሌ 2። እኛ ቀኑን ስለምናስቀድም ሴፕቴምበር 7 አድርጎ የሚያነብ አለ። እንዲያ አንብቦ የተቀመጠ ሰው ሁለት ወር ያህል ያለ ፈቃድ ኖሯል፤ ሳያውቀው። ከዚያ ደግሞ ወደኛ አቆጣጠር ሲመለስ ሌላ መሳሳት አለ። በትልቁ በአማርኛ «ሐምሌ 2» ተብሎ ፍሪጁ ላይ ይለጠፍ።

እናት፦ እሺ። ሐምሌ 2 እየቀረበ ነው፤ ልጂቱም «እማዬ ትንሽ ቆዪልኝ» አለች። አሁን ነው ቪዛ የሚታደሰው?

መምህር፦ የሚታደስ ቪዛ የለም፤ አሜሪካ ውስጥ የጎብኚ ቪዛ አይመታም። የሚራዘመው ቆይታው ነው፤ ያኛው፣ ሁለተኛው ቀን። ማመልከቻው አይ-539 ይባላል፤ የሚቀርበው ለአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት ነው። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በኮምፒዩተር ሲሆን 420፣ በወረቀት ሲሆን 470 ዶላር ነው። ቀድሞ ለአሻራ ተጨማሪ 85 ዶላር ይከፈል ነበር፤ በኦክቶበር 2023 ቀርቷል። ባለቤትዎም አብረው ካሉ በእርስዎ ማመልከቻ ላይ በተጨማሪ ቅጽ ይገባሉ።

እናት፦ መቼ ነው የሚገባው?

መምህር፦ ሐምሌ 2 ሳያልፍ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ቢያንስ 45 ቀን ቀደም ብሎ እንዲገባ ይመክራል፤ በእኛ ምሳሌ ግንቦት 17 አካባቢ ይውላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የገባ ማመልከቻ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካልተገኘለት በቀር አይታይም። በጊዜው ከገባ ግን መልሱ ሐምሌ 2ን አልፎ ቢመጣም እስኪወሰን ድረስ የተቀመጡበት ጊዜ እንደ ሕገ ወጥ አይቆጠርም። የተቀበሉበትን ደረሰኝ ከፓስፖርቱ ጋር ማኖር ነው።

እናት፦ መልሱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መምህር፦ ወራት። የሚያስቀውም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ወላጆች አራት ወር ጠይቀው፣ አራት ወሩን ቆይተው፣ አገራቸው ገብተው ሳለ ነው መልሱ ለልጃቸው ቤት የሚደርሰው። ውሳኔው ሳይመጣ ቢወጡ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል እንጂ ጥፋት አይሆንም። ቢከለከሉ ግን ከውሳኔው ማግሥት ጀምሮ ቀኑ ይቆጠርብዎታል፤ ትኬት ቆርጦ መነሣት ብቻ ነው። ስለዚህ የጠየቁት ጊዜ እስኪያልቅ መልስ ካልመጣ፣ «ገና አልመለሱልኝም» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። የጠየቁት ቀን ሲደርስ ይውጡ።

እናት፦ ስንት ወር ልጠይቅ? ስድስቱን ሁሉ?

መምህር፦ ደንቡ በአንድ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ማራዘም ይፈቅዳል። እኔ ግን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ቢጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ሐምሌ ላይ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት ነው፤ ጤፉ የሚታጨደው ኅዳር ላይ ነው። «እስከ ጥቅምት 30 ፍቀዱልኝ፤ ከዚያ በኋላ የአጨዳ ወቅት ስለሆነ መመለስ አለብኝ» የሚል ደብዳቤ በልኩ የተሰፋ ነው። ጥቅምት 30 ኖቬምበር 9 ነው። የተጻፈው ምክንያት ከሕይወትዎ ጋር ሲገጥም ያነበበው ሰው ያምነዋል። «አሜሪካን ይበልጥ ለመጎብኘት» የሚል ደብዳቤ ግን ከጉንደ ወይን ለሄደች የ60 ዓመት እናት ማን ይቀበላል? ያም ሆኖ ደብዳቤ ጸሐፊ ሁሉ ይጽፈዋል።

እናት፦ ሌላ ምን ይያያዛል?

መምህር፦ የአይ-94ቱ ቅጂ፣ የፓስፖርቱ ቅጂ፣ የሚያኖርዎት ገንዘብ ከየት እንደሆነ የሚያሳይ የልጅዎ የባንክ መግለጫ፣ የመመለሻ ትኬት፣ አገር ቤት ያለው ንብረትና ቤተሰብ ማስረጃ። የሕክምና ምክንያት ከሆነ የሐኪም ደብዳቤ፤ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሕክምናው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅና ማን እንደሚከፍል የሚናገር። ፓስፖርቱ ደግሞ በቆይታው ሁሉ የጸና መሆን አለበት። ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ ዋሽንግተን ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይታደሳል፤ ግን ከዚህ ሳይነሡ ማሳደሱ ይሻላል።

እናት፦ እውነቱን እንነጋገር እንጂ መምህር። የምቀመጠው ልጅ ልይዝ ነው። እዚያ የልጅ ማዋያ ደመወዝ የሚበላ ነው ትላለች። ይህን ልጻፈው?

መምህር፦ አያት የልጅ ልጇን መያዟ፣ ገንፎ ማገንፋቷ፣ አራሷን ማጠቧ ሥራ አይባልም፤ ቤተሰብ ነው። ሕጉ የሚከለክለው ተቀጥሮ መሥራትን ነው። ድንበሩ የሚጠብበት ቦታ ግን አለ። ልጅዎ ለእርስዎ በየወሩ ብትከፍል፣ ወይም የጎረቤት ልጅ ጨምረው እየያዙ ገንዘብ ቢቀበሉ፣ እሱ ሥራ ነው። እንጀራ ጋግሮ ለሱቅ ማስረከብም እንዲሁ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሐበሻ ሱቅ ስለሞላ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በጎብኚ ፈቃድ ላይ ግን ገንዘብ የተቀበሉበት እንጀራ ቀጣዩን ቪዛ ሊያስከለክል ይችላል። ሲጠየቁ መዋሸት አያስፈልግም፤ «ልጄን ልጠይቅ፣ የልጅ ልጄን ላይ» ማለት እውነት ነው። «ሞግዚት እንዳትቀጥር ብዬ ነው» ማለት ግን የጉብኝቱን ዓላማ ራስዎ ወደ ሥራ መለወጥ ነው።

እናት፦ ብታመምስ? ደም ግፊት አለብኝ።

መምህር፦ መድኃኒቱን ለቆይታው የሚበቃ ያህል፣ ከነማዘዣው መያዝ። የመንግሥት የጤና ዋስትና ለጎብኚ አይሆንም። የጎብኚ ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ ልጅዎ ከመግዛቷ በፊት ማየት ያለባት ነገር ነባር በሽታን ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም የሚለውን ነው። አብዛኛው አይሸፍንም ወይም በጥቂቱ ነው። ርካሹን ገዝተው ለደም ግፊት አልጋ የያዙ ሰዎች ዕዳው ከአውሮፕላን ትኬቱ ብዙ እጥፍ ይሆንባቸዋል።

እናት፦ እንግዲህ ይህን ሁሉ ትተን ዝም ብዬ ብቀመጥስ? የሚጎትተኝ አለ?

መምህር፦ ላይኖር ይችላል። ቅጣቱ የሚመጣው ሲወጡ ነው። ከተፈቀደው ቀን አንድ ቀን እንኳ ማለፍ የያዙትን ቪዛ ይሽረዋል። ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ተቀምጦ የወጣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የተቀመጠ አሥር ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። ሕጉ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በ60 ዓመት ዕድሜ አሥር ዓመት መታገድ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ነው። ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ሐዘን ሲመጣ መሄድ የለም።

እናት፦ መመለሻ መንገዱ ቢዘጋስ? በ2015 ክረምት እንደሆነው።

መምህር፦ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ፣ የአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ውጭ ያሉ ወላጆች ቤታቸው ደህና ይሁን አይሁን የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። ይህን የመሰለ ነገር ለማራዘሚያ በቂ ምክንያት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል፤ ቀኑ ሳያልፍ ግን። በዚያ ዘመን ሌላም በር ነበር። አሜሪካ ከዲሴምበር 12 ቀን 2022 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ጥበቃ ሰጥታ ነበር፤ በኋላም እስከ ኤፕሪል 11 ቀን 2024 ገብተው ለሚኖሩ ሁሉ አስፋችው። በጎብኚ ቪዛ የሄደም ማመልከት ይችል ነበር። በዲሴምበር 2025 ግን የአሜሪካ መንግሥት ጥበቃውን እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። አሁን ለሚሄድ ሰው ያ በር የለም።

እናት፦ የእህቴ ልጅ ካናዳ ናት። እዚያም እንዲሁ ነው?

መምህር፦ ካናዳ ለወላጅ ለብቻው አስባበታለች። ከዲሴምበር 2011 ጀምሮ «ሱፐር ቪዛ» የሚባል አለ። እስከ አሥር ዓመት ይሠራል፣ ደጋግሞ ያስገባል፤ ከጁላይ 2022 ወዲህ በአንድ መግቢያ አምስት ዓመት መቀመጥ ይቻላል፤ እዚያው ሆኖም እስከ ሁለት ዓመት ማራዘም ይፈቀዳል። ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። ልጅየው የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን፣ ገቢው ለቤተሰቡ ቁጥር ከተወሰነው ዝቅተኛ መጠን ማለፍ አለበት። ወላጅ የጤና ምርመራ ያደርጋል፤ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የጤና ኢንሹራንስ ይገዛል። ለሽማግሌ ኢንሹራንሱ ውድ ነው፤ ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው። ተራ ጎብኚ ሆኖ ከሄደ ስድስት ወር ነው፤ ማራዘሚያው 100 የካናዳ ዶላር ሲሆን ቢያንስ 30 ቀን ቀደም ብሎ ይገባል።

እናት፦ እንግሊዝ?

መምህር፦ እንግሊዝ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ በላይ ለጎብኚ ማራዘም አይቻልም። ቪዛው አምስት ወይም አሥር ዓመት ቢሠራ እንኳ በአንድ ጉዞ ከስድስት ወር አይታለፍም። ጀርመን፣ ጣልያን፣ ስዊድንና ሌሎቹ የሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው፤ የሚያራዝሙት ለከባድ ሕመምና ለመሰል ችግር ነው። አውስትራሊያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስት ወይም አምስት ዓመት የሚያስቀምጥ የወላጅ ጊዜያዊ ቪዛ አላት፤ በጠቅላላው ግን ከአሥር ዓመት አያልፍም።

እናት፦ ታዲያ ለምን ግሪን ካርድ አታወጣልኝም ልጄ? ጎረቤቴ የወሰደችው እሱን ነው።

መምህር፦ ልጅዎ የአሜሪካ ዜግነት ካላትና 21 ዓመት ከሞላት ለእናትና ለአባቷ ማመልከት ትችላለች፤ ግሪን ካርድ ብቻ ይዛ ከሆነ ግን ለወላጅ አይቻልም። ዋናው ነገር ግሪን ካርድ ለሚኖር ሰው መሆኑ ነው። ካርዱን ይዘው ጉንደ ወይን ላይ ከዓመት በላይ ከተቀመጡ፣ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ካልወሰዱ፣ ካርዱ ይጠፋል። በዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ወር ልጅ ጋ ሄዶ ለቀሪው መሬቱና ማኅበሩ ጋ መሆን ለሚፈልግ ሰው የሚስማማው የጎብኚው ቪዛ ነበር፤ አሁን ያጠበቡበት ደግሞ ያንኑ ሰው ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፤ በጎብኚ ቪዛ ገብተው በ90 ቀን ውስጥ ለግሪን ካርድ ቢያመለክቱ «ሲገቡ ዋሽተዋል» የሚል ግምት ሊያስከትል ይችላል።

እናት፦ እኔ መቅረት አልፈልግም። ስመለስስ የሚደረግ ነገር አለ?

መምህር፦ አለ። ከአሜሪካ ሲወጡ በመውጫው ማህተም የሚመታ የለም፤ መውጣትዎን በዋናነት አየር መንገዱ በሚያስተላልፈው ስም ዝርዝር ነው የሚያውቁት። ስለዚህ የቦርዲንግ ካርዱን አይጣሉት። ቦሌ ሲገቡ የሚመታው የኢትዮጵያ ማህተም ቀን እንዲነበብ ሆኖ መሆኑን ይዩ። የአይ-539 ደረሰኝና፣ መልስ ከመጣ፣ የፈቃዱ ደብዳቤ ከዚያ ጋር ይቀመጥ። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የሚጠየቁት የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፈው ስንት ጊዜ ቆየሽ?» ነው።

እናት፦ ወዲያው ብመለስ ይከለክሉኛል? ዓመት መቀመጥ አለብኝ የሚል ሰምቻለሁ።

መምህር፦ እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ግን ከ12 ወር አሥሩን እዚያ ቆይተው በሁለተኛው ወር ሌላ ቪዛ ቢጠይቁ «የሚኖሩት የት ነው?» ቢሉዎት ምን ይላሉ? ቢያንስ እዚያ የቆዩትን ያህል እዚህ መቀመጥ፣ አንድ አጨዳና አንድ ፋሲካ ማሳለፍ ይበጃል። ፎርሙ ላይ ከዚህ በፊት ቆይታ አራዝመው እንደሆነ ከተጠየቁ «አዎ» ብለው ቀኑን በትክክል ይጻፉ፤ መዝገቡ እነሱ ዘንድ አለ።